መርፌ ያልተነካበት አርባ ዘጠኝ ቀን

ዋይ-ፎንግን ክፉ ምራት ነበረች የሚሉ ሰዎች በሆንግ ኮንግ፣ በኛው ሰፈር በሳን-ፖ-ኮንግ፣ ዛሬም አሉ። አማቷ በሞቱ በማግሥቱ መርፌ ያነሳች ጨካኝ ይሏታል። መቼስ ምን እላለሁ፤ ከራሷ አፍ ነው የወጣው። ግን እኔ ካም-ሆ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሱሪ ስተኩስና ክር ስለቅም የኖርኩ ሴት፣ ያየሁትን ሳልናገር ብሞት ያንቀኛል።

ሰዉ «የዋይ-ፎንግ ፋብሪካ» ይል ነበር። ምን ፋብሪካ! አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ረጅም ክፍል፣ አሥራ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ የእኔ የካውያ ሰሌዳ፣ በስተጀርባ በጣውላ የተከለለች ጓዳ፤ በቃ። ጓዳዋ ውስጥ ዋይ-ፎንግና አማቷ እማማ ቾይ ይተኛሉ። አውሮፕላን ሲያርፍ ጣሪያችንን ሊነካው ምንም አይቀረው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ወሬያችንን አፋችን ውስጥ ይዘን እንቆይና፣ ሲያልፍ ካቆምንበት እንቀጥላለን። የምንሰፋው ወገቡ ላስቲክ የሆነ፣ ጉልበቱ ላይ ኪስ ያለው የሴት ልጆች የጥጥ ሱሪ ነው። ሁሉም ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ያንን ሱሪ ለብሳ የምትሄድ ልጅ በሰፈራችን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

ዋይ-ፎንግ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቋ ድምፅ የሌለው ሴት ነበረች። ስትስቅ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እያንዳንዱን ኪስ በጣቷ ገልብጣ ካላየች አንድም ሱሪ ወደ ሳጥን አታስገባም።

«አንቺ ሴት፣ አሜሪካኖቹ ኪሱ ውስጥ ገብተው ሊያድሩበት ነው እንዴ?» እላታለሁ፣ የተኮስኩትን ስታጨማድድብኝ ብግን ብዬ።

«የነሱ ልጆች ኪሳቸው ውስጥ ምን እንደሚከቱ በምን አውቄ፣ እትዬ ሆ? ድንጋይም ይከቱ ይሆናል። ቢቀደድ ነውሩ የኔ ነው።»

ከቻይና፣ ከቺው-ቻው ገጠር ነው የመጣችው። ባገባች በሁለተኛው ዓመት ባሏን ሳንባው ገደለው። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ ያለቻት አንዲት አማት። ሌላ ሴት ብትሆን አሮጊቷን ለመንደሩ ሰው ጥላ መንገዷን ትቀጥል ነበር። እማማ ቾይ ደግሞ በልጅነታቸው እግራቸው የታሰረ፣ ጡጫ የምታህል ጫማ የሚያደርጉ፣ ከቤት እስከ ጉድጓድ መሄድ የሚያቅታቸው ሴት ናቸው። ዋይ-ፎንግ አዘለቻቸው። በጀርባዋ አዝላ ድንበር አሻገረቻቸው። በእንጨት ጎጆ ሰፈር ሲኖሩ እሳት ተነሳ፤ ያኔም አዝላቸው ነው ከእሳቱ የወጣችው። ያላቸው ሁሉ ሲቃጠል የተረፈው እማማ ቾይ ኮሌታቸው ውስጥ ሰፍተው የደበቁት የወርቅ ጉትቻ ብቻ ነው። እሱን ሸጠው የመጀመሪያዋን መኪና ገዙ። አሥራ አንዱ ከዚያች አንዷ ወጣ ማለት ነው።

እማማ ቾይ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ዓይናቸው ጠፋ። እኔ ከምተኩስበት ሰሌዳ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የተተኮሰውን ሱሪ በዳሰሳ ያጥፋሉ። እጥፋታቸውን ከዓይናማ ሰው አትለዩትም። አፋቸው ግን! ቀኑን ሙሉ እኔን ሲነካኩ ነው የሚውሉት።

«ሆ፣ ምን ይሸታል ዛሬ? ካውያሽ ነው ወይስ አፍሽ የተቃጠለው?»

«የእርስዎ ምላስ ነው እማማ። እሳት ላይ አስቀምጠውት ረስተውት ነው።»

እየሳቁ በጥፊ ሊመቱኝ እጃቸውን ይሰነዝራሉ፣ አያገኙኝም፣ የተተኮሰውን ክምር ይመቱታል። እወዳቸው ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እወዳቸው ነበር።

በመከር መግቢያ ላይ ሞቱ። ሳይታመሙ፣ ሱሪ አጥፈው ሳይጨርሱ፣ ራሳቸውን ክምሩ ላይ አሳርፈው። የተኙ መስሎኝ «እማማ፣ ምራቅዎን እንዳያፈሱበት፣ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ነው» ብያቸዋለሁ። ሰማይ ይቅር ይበለኝ።

በቀብሩ ማግሥት ዋይ-ፎንግ ሁላችንንም ሰብስባ ቤቱ አርባ ዘጠኝ ቀን እንደሚዘጋ ነገረችን። በመንደራቸው ወግ፣ ነፍስ መንገዷን ፈልጋ እስክታገኝ ድረስ ሐዘን ባለበት ቤት መርፌ ጨርቅ አይወጋም፤ ከወጋ የሟቹን ዓይን ይወጋል። ቀይ ነገርም በእጅ አይነካም።

እኔ ፊት ለፊት ተናገርኩ፤ መቼም አፌ አያርፍ። «ሰባት ቀን አይበቃም? የስድስት መቶ ደርዘን ትእዛዝ ተቀብለሽ፣ ጨርቁ ተቆርጦ፣ መርከቡ ቀን ተቆርጦለት?»

«ለሌላ ሰው ሰባት ቀን ይበቃ ይሆናል» አለችኝ። «እሳቸው ግን በቁማቸው ያላዩትን መንገድ ነው ሞተው የሚፈልጉት። የነበረባቸው ጨለማ አይበቃም፣ እኔ ደግሞ ልውጋቸው?»

ካውያዬን ከሰሌዳው አንስቼ አስቀመጥኩ።

በዚያው ፎቅ ላይ፣ ከኛ በር ፊት ለፊት፣ ሉይ የሚባል ሰው እንደኛው ሱሪ የሚያሰፋበት ቤት አለው። ራሰ በራ፣ ሆደ ቡቡ፣ ያለውን የሚያካፍል ሰው። ዋይ-ፎንግ ትእዛዙን ወስዶ በራሱ ቤት እንዲያሰፋው ለመነችው፤ የኛንም ሴቶች ወደሱ ላከች። ሉይ እሺ አለ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆመና፣ «ማኅተምሽን ስጪኝና የመርከቡን ወረቀት በስምሽ እኔ ልምታልሽ። አንቺ ቀዩን ቀለም አትንኪው፣ እኔ እነካዋለሁ» አላት።

«የቤቱ ማኅተም ነው፣ ጋሼ። ማንም ቢመታው ቀይ ነው።»

«እንግዲያው በኔ ማኅተም ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

ይችው ናት። ነገሩ ሁሉ ከዚች «ይሂድ» ነው የመጣው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ቀይ ማኅተም አልመታም ማለቷ ከባሕር ማዶ ይፈረድበታል ብሎ ማን ያስባል?

አርባ ዘጠኙን ቀን በየሰባቱ ቀን እየሄድኩ አብሬያት እቀመጥ ነበር። አሥራ ሁለቱ መኪና ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተደርድሯል። እሷ ከነጭ ሱፍ ክር የተሠራ የሐዘን አበባ ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እጇ ግን ዝም አይልም፤ ጣቶቿ ብቻቸውን ጨርቅ ሲገፉ አያለሁ። አንድ ቀን ያንገቴ ቁልፍ ወልቆ ስመጣ ዓይኗ እሱ ላይ ተተከለ። ያ ሁሉ ክርና መርፌ ባለበት ቤት፣ «ቤትሽ ስትደርሺ ስፊው» አለችኝ። እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ።

አርባ ዘጠኙ አልቆ፣ መኪናው ተገልጦ፣ ሥራ ጀመርን። ዓመቱ አለፈ። በጸደይ አንድ ቀን ጠዋት ሉይ ጋዜጣ ይዞ ደረጃው ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሁላችንም ወጣን።

ለካ መንግሥታችን፣ መንግሥታችን ስል እንግሊዞቹን ማለቴ ነው፣ ሌላ የለንም፣ ስለ ሱሪ የሚደራደሩ ሰዎች ልኮ ኖሯል። ባሕር ተሻግረው፣ ሆቴል ገብተው፣ ከአሜሪካኖቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ከርመዋል። የዚያ አገር ባለፋብሪካዎች «የሆንግ ኮንግ ሱሪ ገደለን» ብለው አልቅሰዋል አሉ። እኛ ሩዙ የማይታይ የሩዝ ውሃ የምንጠጣ ሰዎች፣ እነሱን ገደልናቸው! ጉዳችን እኮ ይህ ነው፤ አንዱ ይገዛናል፣ ሌላው ከኛ ይገዛል፣ ሁለቱ ተቀምጠው ሲማከሩ ግን «እናንተስ ምን ትላላችሁ» የሚል የለም። በመጨረሻ ተስማሙ። ከእንግዲህ የሚሄደው የጥጥ ሱሪ ልክ ይኖረዋል። እያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ኮታ ደግሞ፣ ባለፈው ዓመት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በራሱ ማኅተም በላከው ልክ ነው።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ወሬው ቀድሞ ጆሯቸው ገብቶ፣ በእነዚያ ወራት የበሰለውንም ያልበሰለውንም ሲጭኑ ከርመዋል። እኛ በእነዚያ ወራት ነጭ ጨርቅ ለብሰን ነበር። የሐዘኑ ቀን ሲያልቅ የሰፋነውም መርከብ ላይ የወጣው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። የዋይ-ፎንግ ኮታ ባዶ ሆነ። ከሐዘኑ በፊት ለሦስት ዓመት የላከችው አይቆጠርም፤ በኋላ የላከችውም አይቆጠርም። ያለ ኮታ አንድ ሱሪ መርከብ ላይ አይወጣም። አሥራ ሁለት መኪና፣ አሥራ አንድ ሠራተኛ፣ በአንድ ጋዜጣ ቀጥ አለ።

ሉይ ግን ሰው ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ።

«የደረሰኝ ግማሹ ያንቺ ነው። ልሰጥሽ ኮታውን የሚያድለው ቢሮ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። ዝም ብሎ መስጠት አይቻልም አሉኝ። የሚቻለው፣ ሱሪው የተሰፋው እዚህ፣ ባንቺ መኪና ከሆነና እኔ ማኅተም ብቻ ካዋስኩሽ ነው። ስለዚህ እንደዚያ ነው እንላለን። አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ እኔ እመሰክራለሁ፣ ያልቃል።»

«በእነዚያ ቀናት መኪኖቼ ይሠሩ ነበር ብዬ?»

«አዎ።»

«በእነዚያ አርባ ዘጠኝ ቀናት?»

ሉይ ባርኔጣውን አሽከረከረ። «ወረቀት እኮ ነው፣ ዋይ-ፎንግ። የፈረንጅ ወረቀት።»

«ሻይ ጠጥተህ ሂድልኝ፣ ጋሼ» አለችው። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ድርቅ አለች። መፈረሚያው ቀን እየቀረበ፣ ሴቶቹ እየመጡ በር ላይ ቆመው ያዩዋታል፤ ምንም አይሏትም፣ ማየቱ ይበቃል። ዓመቱ ደግሞ ያ የውሃ ዓመት ነው፤ ዝናብ ጠፍቶ ቧንቧ በአራት ቀን አንዴ ለአራት ሰዓት ብቻ የሚከፈትበት። ባልዲ ይዘን ሰልፍ ላይ ስንቆም ነው የያዝኳት። ከፊቴ ነበረች፤ መሄጃ የላትም።

«የሞተ ሰው ዓይን የለውም» አልኳት። «አሥራ አንድ ሴት ግን አፍ አላት። አፍ ብቻም አይደለም፣ ልጆች አሏት።»

አልዞረችም። «አፍሽ መርዝ ነው፣ እትዬ ሆ።»

«መርዝም ቢሆን እውነት ነው። ማንን ነው የምትጎጂው? ፈርመሽ ትወጫለሽ።»

«አዝዬ ያሻገርኳቸውን ሴትዮ ዓይናቸውን ወጋሁ ብዬ ልፈርም? እንደዚያ ነው የምትይኝ?»

ሰልፉ አንድ ባልዲ ገፋ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ከአፌ ወጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ተናድጄ ነበር፣ ጠምቶኝም ነበር፣ ለሁለት ልጆቼ ደግሞ ከዚያ ሥራ ሌላ የለኝም።

«እሳቸው ራሳቸው አያምኑበትም ነበር።»

ዞረች። «ምኑን?»

«የመርፌውን ነገር። አንድ ቀን ሱሪ እያጠፉ ነግረውኛል። ‹የአሮጊት ወሬ ነው፣ የኔ አማት ናት የጫነችብኝ፤ እኔ ስሞት ሥራ አታስቁሙ› ብለውኛል።»

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?»

«ልብሽ ተሰብሮ ነበር። ትሰሚኝ ነበር?»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «በልጆችሽ በይ።»

«በልጆቼ» አልኩ።

ባልዲዋን መሬት አስቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ መቼም ሳቅ አልነበረም። በማግሥቱ ፈረመች፣ ቀዩን ማኅተምም መታች።

መፈረሙ ብቻ መስሎን ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከቢሮው ሁለት ሰዎች ሊያጣሩ መጡ፤ አንድ በላብ የተጠመቀ ፈረንጅና ፑን የሚባል የኛው ልጅ፣ አስተርጓሚ። ፑን ትሁት ነው፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ሲገባ መደርደሪያው ላይ ላለችው የእማማ ቾይ ፎቶግራፍ አንገቱን ዝቅ ያደረገ። ደስ አለኝ። ዋይ-ፎንግ ሻይ ቀዳችላቸው፤ በዚያ የውሃ ዘመን ሻይ መቅዳት ቀላል ነገር አይደለም።

ፈረንጁ መኪኖቹን ቆጠረ፣ ወረቀቱን ገለጠ፣ ጠየቀ። ፑን አስተረጎመ።

«ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን መኪኖቹ ይሠሩ ነበር?»

«ይሠሩ ነበር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ፈረንጁ እኔንም ጠየቀኝ፤ ምን ስትተኩሺ ነበር፣ ስንት ቀን ነው የተኮስሽው አለኝ። እንደ ውሃ አፈሰስኩለት። መዋሸት ጀምሬ የለ፤ ሁለተኛው ይቀላል። አልቀናል ብዬ ተንፈስ ስል ፑን ዓይኑ እንደገና ፎቶግራፉ ላይ አረፈ። ከሥሩ የሞቱበት ቀን ተጽፏል። አነበበው፣ ወረቀቱን አየ፣ መልሶ አነበበው። ለፈረንጁ አንድ ነገር በጆሮው ነገረው። ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀና ጠይቃት አለው።

«እኚህ ማን ናቸው?» አላት ፑን።

«የባሌ እናት።»

«በእነዚህ ቀናት ነው የሞቱት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቤቱ ሐዘን ላይ አልነበረም? ሰው ሲሞት ሥራ የማያቆም ቤት የለም። ይህ ወረቀት ትክክል ከሆነ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ማስተርጎሙን ትቶ በራሱ መጠየቁ ነበር። «በስንተኛው ቀን ነው መስፋት የጀመራችሁት?»

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መጀመሪያ ቀን የቀብሩ ማግሥት ነው። ሦስተኛው ቀን ብትል አይገጥምም፣ ሰባተኛው ብትል አይገጥምም።

ዋይ-ፎንግ ፎቶግራፉን አላየችም። ፑንን ነው ያየችው። «በማግሥቱ» አለች።

«በማግሥቱ?»

«ከቀብር እንደተመለስን። በማግሥቱ ጠዋት።»

ፑን አስተረጎመ። ፈረንጁ ደስ አለው፣ ጻፈ፣ ሻዩን ጭልጥ አድርጎ አመሰገነ። ፑን ግን ስኒውን በጣቱ ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋው። አልነካውም። ሲወጣ ለፎቶግራፉ እንደገና እጅ ነሳ፣ ለእሷ ግን አንገቱን እንኳ አላዘነበለም። ዕድሜው ልጇ ቢሆን ነው። በሩ ሲዘጋ ስኒውን አንስታ ሻዩን ወደ ማጠቢያው ባልዲ ገለበጠችው፤ የሚደፋ ውሃ አልነበረም።

ኮታው ተሰጣት። ወሬው ደግሞ ከኮታው ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። ፑን ያውራ፣ የቢሮው ተላላኪ ያውራ አላውቅም። በሚቀጥለው የውሃ ሰልፍ ዋይ-ፎንግ ባልዲዋን ስታስቀምጥ ከፊቷ ያለችው ሴት የራሷን ባልዲ ራቅ አደረገች። «ጀርባዋ ላይ ታዝላ የመጣች አማት፣ ሬሳዋ ሳይበርድ» ይሉ ነበር። ልብ በሉ፤ ማዘሏንም ሳይቀር ያውቃሉ፣ አውቀው ነው የሚነክሷት። እኔ ካም-ሆ፣ በዓሣ ገበያ ያሉ ሴቶችን በስድብ ያስለቀስኩ ሰው፣ አፌን ይዤ ቆምኩ። ምን ልበል? «ውሸት ነው፣ አርባ ዘጠኙን ቀን ቁልፍ እንኳ አልሰፋችም» ብል ኮታው ይሄዳል፣ ሉይም በሐሰት መስክሯልና ይከሰሳል። አሥራ ሦስት ሰው እውነቱን እናውቃለን፣ አሥራ ሦስታችንም እንጀራችን ዝም ማለት ላይ ሆነ።

እሷ እንደ ድሮዋ ኪስ ትገለብጣለች፣ ላስቲክ ትጎትታለች። የፎቶግራፉን አቧራ በየቀኑ ትጠርጋለች፤ ዕጣን እንድለኩስ ግን እኔን ነው የምታዘኝ። በመከር፣ ሰው ሁሉ ወደ መቃብር ሲሄድ፣ ሥራ በዝቶብኛል ብላ ቀረች። ያን ሰሞን ሥራ አልበዛባትም ነበር።

በአዲሱ ዓመት ተደራዳሪዎቹ እንደገና ሄዱ። አሁን ደግሞ የትልቅ ሴት ሱሪና የልጅ ሱሪ በአንድ ልክ ተጠቃለለ፤ ሲጠቃለል ለሁሉም ተቀነሰ፤ ሲቀነስ የትንንሾቹ ቤቶች ድርሻ ከምንም የማይቆጠር ሆነ። በሬዲዮ «ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ውጤት» አሉት። እኔ ካውያውን ይዤ ነው የሰማሁት፤ ሬዲዮው ላይ አለመጣሌ ይገርመኛል። ያ ሁሉ «በማግሥቱ» ለስምንት ወር ነው የበጀው። ስምንት ወር! ሉይ መኪኖቹን ሸጦ ወንድሙ ጋ ሄደ። ዋይ-ፎንግም አሥራ ሁለቱን ሸጠች፣ ያችንም የጉትቻዋን። ከዚያ አራት መቶ መኪና ያለው ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ላስቲክ ብቻ ትሰፋለች። እኔም እዚያው መተኮሻ ክፍል ነኝ።

በጸደይ፣ በመቃብር መጥረጊያው ቀን፣ «እንሂድ» ያለችኝ እሷ ናት። ባቡሩ መጥረጊያና የተጠበሰ አሳማ በያዘ ሰው ተጨናንቆ ነበር። ከኮረብታው ሥር ስንደርስ ግን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ውጪ» አለችኝ።

«አብረን እንጂ።»

«በምን ፊቴ? የነገሩሽ ላንቺ ነው፣ እትዬ ሆ። ‹ሥራ አታስቁሙ› ያሉሽ ላንቺ ነው። ሂጂና እንዳሉት እንዳደረግኩ ንገሪልኝ። ከተቆጡም አንቺን ይሰሙሻል። ካልተቆጡ እኔም እወጣለሁ።»

ያን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መቃብሩን ጠረግኩ፣ ሥጋውን አስቀመጥኩ፣ ዕጣኑን ለኮስኩ። ግራና ቀኙ ሰው ሙሉ ነው፤ ልጆች ብርቱካን ይልጣሉ፣ ሽማግሌዎች ስለ ቦታ ይጣላሉ። ተንበረከክሁና አፌ ተሳሰረ። በሕይወት ዘመኔ የመጀመሪያው ነው።

«እማማ» አልኩ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ፣ ሆ። እርስዎ እንደዚያ ብለውኝ አያውቁም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። በልጆቼ ምዬ ነው የዋሸኋት። እሷ አርባ ዘጠኙንም ቀን እጇን አጣጥፋ ነው የጠበቀችዎት። አንድ መርፌ አልነካችም። ‹በማግሥቱ› ያለችው በኔ ነው። መቆጣት ካለብዎት እኔን ይቆጡ፣ እሷን ይተዉልኝ።»

ምንም የለም። ዕጣኑ ነደደ። ስወርድ ቆርጬ ነበር የወረድኩት፤ ለእሷም እነግራታለሁ፣ ከፈለገች ፊቴን ትቧጭረው፣ ደግ አደረገች እላለሁ ብዬ።

ገና ሳያት ብድግ አለች። ሁለት እጄን ያዘችኝ። «ተቆጡ?»

ፊቷን አየሁት። ቤቷ ሄዷል፣ ኮታው ሄዷል፣ ስሟን ሰፈሩ ሁሉ ተፍቶበታል።

«አልተቆጡም» አልኳት።

ቀሚሷን አስተካክላ፣ ፀጉሯን በመዳፏ አስተኝታ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ እናቷ ቤት የምትሄድ ልጃገረድ ነው የመሰለችኝ። ከታች ሆኜ አየኋት። ተንበርክካ ረጅም ሰዓት አወራች። አንድ ጊዜ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በዚያ ርቀት ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አብረን እንሄዳለን። እሷ ትወጣለች፣ እኔ ከታች ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ።

«ዘንድሮም አትወጪም?» ትለኛለች።

«ጉልበቴን አሞኛል» እላታለሁ።